ካርታ መማር፦ ከክሬዚ እስከ ኮንከር፣ እስካሁን የደረስኩበት

የካርታ ጨዋታ በደንብ ልማር ብዬ ቆርጬ የተነሳሁት በዚህ ክረምት ነው። ደሴ ሐምሌ ላይ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ይለብሳል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ከመሸ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። መብራት ከሄደማ ስልኩም ብዙ አያዋጣም። ለካርታ ግን አንድ ሻማ ይበቃል።

አስተማሪዬ አጎቴ ናቸው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መስመሩ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ሥራቸው ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ ነበር። ወደብ ላይ ጭነት መጠበቅ ቀን ይፈጃል። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ። እሳቸውም እዚያ ነው የተካኑት። እናቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃናለች፦ «ሳንቲም ከወጣ ካርታው ምድጃ ይገባል።» ስለዚህ በነጥብ ብቻ ነው የምንጫወተው። ደብተር አለን፣ ነጥብ እንጽፋለን፣ በቃ። ለጀማሪ ይሄ ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ሲኖር ሰው ለማሸነፍ ይቸኩላል። ነጥብ ብቻ ሲሆን «ለምን ይሄን ጣልሽ?» ብሎ የሚያስረዳሽ አይጠፋም።

መጀመሪያ መሠረቱን ልበል። አንድ ፓኮ ውስጥ 52 ካርታ አለ፣ ጆከሮቹ ሳይቆጠሩ። ምልክቶቹ አራት ናቸው፦ ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባና ጦር። እያንዳንዱ 13 ካርታ አለው፣ ከአስ እስከ ኪንግ። ይህችን ቁጥር በቃል መያዝ ቀላል ትመስላለች፣ ግን በኋላ ሁሉም ነገር ከእሷ ነው የሚወጣው። ከአንድ ምልክት 9 መሬት ላይ ካየሁና 2 እኔ ጋ ካለ፣ የቀረው 2 ብቻ ነው። ይሄን ማሰብ የጀመርኩ ቀን ጨዋታው ሌላ ሆነብኝ።

የጀመርነው በክሬዚ ነው። ልጅም አዋቂም አብሮ ሊጫወተው የሚችል ጨዋታ ነው። መሬት ላይ ካለው ካርታ ጋር በምልክት ወይም በቁጥር የሚገጥም ትጥያለሽ፤ ከሌለሽ ትስቢያለሽ፤ ቀድሞ እጁን የጨረሰ አሸነፈ። እኛ ቤት 8 እና ጃክ ምልክት ይቀይራሉ፣ 2 ደግሞ ቀጣዩን ሰው ሁለት ካርታ ያስስባል። 2 ላይ 2 ከተደረበ ሦስተኛው ሰው አራት ይስባል። ኮምቦልቻ ያሉት የአክስቴ ልጆች ጋ ግን መደረብ የሚባል ነገር የለም። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ሕጉ ይቀየራል! የሁለቱም ትክክል ነው። ክሬዚ በየሰፈሩ የየራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁሉም ሕግ ጮክ ብሎ ይነገር። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ «እኛ ጋ እኮ እንደዚህ አይደለም» ከሚለው ነው፣ እሱም ዘግይቶ ሲመጣ።

እነዚያው የአክስቴ ልጆች ኡኖ አላቸው። ክሬዚ የሚችል ሰው ኡኖን ለመልመድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ዘራቸው አንድ ነው። ኡኖን በፈረንጆቹ 1971 የፈጠረው መርል ሮቢንስ የሚባል የኦሃዮ ፀጉር ቆራጭ ነው። ምልክት በቀለም ተተካ፣ «ሁለት ሳቢ» የሚለው ካርታው ላይ ተጻፈ፣ ሌላው ያው ነው።

አሁን ወደምወደው ልሂድ፣ ወደ ኮንከር።

እኛ ቤት የምንጫወተው በሁለት ፓኮ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 13 ካርታ ይታደላል። ተራሽ ሲደርስ ከድፍኑ ክምር አንድ ትስቢያለሽ ወይም ከአንቺ በፊት የተጫወተው ሰው የጣለውን ታነሻለሽ፤ ከዚያ አንድ ትጥያለሽ። ዓላማው እጅን ማደራጀት ነው። አንድም አንድ ምልክት ያላቸውን ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ካርታዎች ትይዢያለሽ፣ ለምሳሌ የልብ 6፣ 7፣ 8። አለዚያም አንድ ቁጥር ያላቸውን፣ ምልክታቸው ግን የሚለያይ ሦስት ወይም አራት ካርታዎች። ጆከር የጎደለውን ይተካል። ሁሉንም ያደራጀ ይዘጋል። የተቀሩት እጃቸው ላይ ያልተደራጀውን ይቆጥራሉ፤ ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ 10 10 ነጥብ ናቸው። ብዙ ነጥብ ያጠራቀመ ይሸነፋል። ለዚህ ነው አጎቴ ጓደኛ የሌለውን ኪንግ ሳይውሉ ሳያድሩ የሚጥሉት።

ሕጉ በአንድ ማታ ይያዛል። እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ትምህርት ነው። እኔ ዓይኔ ሁሌ እጄ ላይ ነበር። አጎቴ ይሄን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽንማ አየሽው። አሁን መሬቱን እዪ» አሉኝ። ከዚህች አንዲት ቃል የበለጠ ያስተማረኝ የለም።

አንድ እጅ ላሳያችሁ። ባለፈው እሑድ እኔ፣ አጎቴ፣ እናቴና የጎረቤታችን ልጅ ነበርን። ሁሉን አደራጅቼ ሁለት ጥንድ ቀሩኝ፦ የልብ 7 እና 8፣ እንዲሁም የጦር 5 እና የዳይመንድ 5። የሳብኩት ካደራጀሁት ጋር ስለገጠመ አንዱን ጥንድ መበተን ነበረብኝ። በደንቡ ብናስብ ሁለቱ እኩል ናቸው። 7 እና 8ን የሚሞላው የልብ 6 ወይም 9 ነው፤ ሁለት ፓኮ ስለሆነ አራት ካርታ። 5ቶቹን የሚሞላው የልብ 5 ወይም የአበባ 5 ነው፤ እሱም አራት ካርታ። መሬቱን ሳይ ግን ሁለቱም የልብ 9 ተጥለዋል። አንዱን እናቴ ገና በመጀመሪያው ዙር ነው የጣለችው። ስለዚህ ለልቦቹ የቀረኝ ሁለት የልብ 6 ብቻ ነው። ከ5 ግን አንድም አልወጣም። በዚያ ላይ 9ኙ ሁለቱም ከሄደ የልብ 8 ለሌላው ሰውም ብዙ አይጠቅምም። 8ን ጣልኩ። አጎቴ ካርታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ዝም ብለው አዩኝ። ተራው ሲዞር የአበባ 5 ሳብኩ።

እሺ፣ 5 ባይመጣም ኖሮ ውሳኔው ያው ትክክል ነበር። ለጓደኞቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይሄን ነው። የመጣው ካርታ ዕድል ነው፣ የጣልሽው ግን የአንቺ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ጥንዶች ሁሉ እኩል አይደሉም። 7 እና 8 በሁለት ጫፍ ይሞላሉ። 6 እና 8 ግን መሐላቸው ክፍት ስለሆነ 7 ብቻ ነው የሚያድናቸው። አስ እና 2ም እንደዚያው፣ 3 ብቻ። ሁለቱን ክፉ ጥንዶች በጊዜ የሚበትን ሰው ብዙ አይቸገርም።

ስለ መበወዝም ልናገር፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ኮንከር ሲያልቅ ካርታው ተደራጅቶ ነው የሚሰበሰበው። ሦስት ሦስቱ ተያይዞ ይተኛል። ከእጅ ወደ እጅ እያፈተለኩ ትንሽ ቢበወዝ ጎረቤታሞቹ አብረው ይቀራሉ፣ ቀጣዩ እደላ ላይ አብረው ብቅ ይላሉ። ቤየርና ዳያኮኒስ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት በፈረንጆቹ 1992 ባወጡት ጥናት፣ ፓኮውን ለሁለት ከፍሎ ጫፍ ለጫፍ እያጠላለፉ ሲበወዝ 52ቱ በደንብ ለመቀላቀል ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚበቃ አሳይተዋል። የኛ የእጅ አበዋወዝ ከዚያ እጅግ የዘገየ ነው። ስለዚህ አሁን ካርታውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ በሁለት እጄ አሻለሁ፣ ልክ ጤፍ እንደሚታሽ። ከዚያ ሰብስቤ እበውዛለሁ፣ ሌላ ሰው ይቆርጣል። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ኸርትስን ደግሞ ከኮምፒውተር ላይ ለምጄ ለቤተሰቡ አስተዋወቅሁ። ለአራት ሰው ነው፣ ለእያንዳንዱ 13። እዚህ ያለው ሐሳብ ከኮንከር ፈጽሞ ይለያል። አንዱ ይጥላል፣ ሌሎቹ ያንኑ ምልክት ካላቸው የግድ እሱን ይጥላሉ፣ ከተጀመረው ምልክት ትልቁን የጣለ አራቱንም ይሰበስባል። መሰብሰብ ግን ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ የልብ ካርታ 1 ነጥብ፣ የጦር ኩዊን ብቻዋን 13 ነጥብ ናት። ድምሩ 26። ነጥብ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ አንዱ 100 ሲደርስ ጨዋታው ያልቃል፣ ትንሽ ያለው ያሸንፋል። አንድ ሰው 26ቱንም ከሰበሰበ ግን ይገለበጣል፤ እሱ ዜሮ፣ ሌሎቹ 26 26።

እናቴ በዚህ ጨዋታ ትበልጠናለች። የጦር ኩዊን ሳትወጣ የጦር ኪንግና አስ እጇ ላይ እንዲቆዩ አትፈልግም፣ ምክንያቱም ኩዊኗ ከእነሱ ሥር ከተጣለች ሰብሳቢዋ እሷው ናት። መጀመሪያ ላይ ሦስት ካርታ ለጎን ሰው ሲተላለፍ ቶሎ ታስረክባቸዋለች። ትንንሽ ጦሮች ከበዙላት ደግሞ ኩዊኗን እንኳ ሳትፈራ ትይዛታለች። ጦር በተጠራ ቁጥር ትንሿን ትጥልና ኩዊኗን ታስቀራለች። በመጨረሻ የተጠራው ምልክት እጇ ላይ ሲያልቅ ኩዊኗን አንዳችን ላይ ትጥላለች። ይሄን ማንም አላስተማራትም። መሬቱን አይታ ነው የደረሰችበት።

አሁን ዊስት ጀምረናል። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሁለት ሰዎች ቡድን ናቸው። 52ቱም ይታደላል፣ የመጨረሻዋ ካርታ ተገልጣ ትታያለች፤ የእሷ ምልክት በዚያ እደላ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። አጣጣሉ እንደ ኸርትስ ነው፣ እዚህ ግን መሰብሰብ ማሸነፍ ነው፤ ከ13ቱ ዙር ከ6 በላይ ያሸነፈ ቡድን ነጥብ ያገኛል። አጎቴና እናቴ አንድ ቡድን ናቸው። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሳንነጋገር መግባባትን እየተለማመድን ነው። ጓደኛዬ መጀመሪያ የጣለውን ምልክት ተራው ሲደርሰኝ መልሼ ለመጣል ተስማምተናል። ሌላ ስምምነት ገና የለንም፣ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለን እንጨምራለን።