ጳጉሜን 6 እና ሰባቱ ኮፒዎች

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሰንጋተራ ካለው ቢሯችን ልወጣ ቦርሳዬን አንስቻለሁ። ስልኬ ጮኸ። «ክፍያ አያልፍም፤ ቀኑን አልቀበልም ይላል።»

ወዲያው ገባኝ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ኮዳችን ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ ነው የተጻፈው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ትሆናለች። ማስተካከሉ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የከፋው ሌላ ነው። የተለያዩ ሲስተሞችን በሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በአይቢኤም ኢንቴግሬሽን ባስ ላይ ያሉን ሰባት አፕሊኬሽኖች ኮዱን የያዙት በስታቲክ ላይብረሪ (ደጋግመን የምንጠቀምበት ኮድ ማስቀመጫ) ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ኮፒ በሆዱ ይዞ ነው የሚጫነው። አፕሊኬሽኑ ታሽጎ የሚጫንበትን ባር ፋይል ሰባቱንም እንደ አዲስ ሠራን። ሰባቴ ጫንን። የመጨረሻው ሲያልፍ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። የጥበቃው አባባ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ከበዓል መልስ ኮዱን ወደ ሼርድ ላይብረሪ አዞርነው። ከኢንቴግሬሽን ባስ 10ኛ ስሪት ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ላይብረሪው ለብቻው አንዴ ይጫናል፤ ሰባቱም እሱን ይጠቀማሉ። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱን ስትቀይር የሰባቱም ሥራ አብሮ ይቀየራል። ሰባቱንም ሳልፈትሽ አልነካውም። ደግሞ ከአፕሊኬሽኑ ቀድሞ ወይም አብሮት መጫን አለበት። ለአንድ አፕሊኬሽን ብቻ የሚያገለግለውን አሁንም በስታቲክ እተወዋለሁ።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። መፈተሻው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።