መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም እምቢ አለ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የዕቃ መቁጠሪያ አፕ ሠራሁላቸው። የመጽሐፉን ባርኮድ በካሜራ ያነባል፣ ስንት ቅጂ እንደቀረ ይነግራቸዋል። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ስልኬን ገደለው እኮ!»

ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ መብራት ይጠፋል። የስልካቸውን ባትሪ ሊያበሩ ቢነኩት እምቢ። (ባትሪ ስል መብራቱን ነው። ቻርጁማ ነበረው፣ ቶሎ ቶሎ ቢያልቅም።)

በማግስቱ ሄድኩ። ጠዋት ሁለት መጽሐፍ ብቻ ስካን አድርገው ነው ያስቀመጡት፣ የስልኩ ጀርባ ግን እንደ ምጣድ ግሏል። ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ሎጉን (የአፑን እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ዝርዝር) አየሁ። ሆም ሲነኩ ኦንፖዝ (የአፑ ስክሪን ለጊዜው ሲቆም ሲስተሙ የሚጠራው ኮድ) ተጠርቷል፣ ኦንስቶፕ (ከዓይን ሲጠፋ የሚጠራው) ተጠርቷል። ኦንዲስትሮይ (ስክሪኑ ሲፈርስ የሚጠራው) የለም። እኔ ደግሞ ካሜራውን ኦንክሪኤት (ስክሪኑ ሲፈጠር የሚጠራው) ላይ ከፍቼ የምዘጋው ኦንዲስትሮይ ላይ ነበር። ሆም ሲነካ ስክሪኑ ይቆማል እንጂ አይፈርስም። ካሜራው ከጀርባ ሆኖ ማንበቡን ቀጥሏል ማለት ነው። ፍላሹ ደግሞ የካሜራው አካል ነው፤ ካሜራው ከተያዘ ባትሪው አይበራም። የሳቸው ስልክ አንድሮይድ 8 ነው። ከ9 ወዲህ ከጀርባ ያለን አፕ ሲስተሙ ራሱ ካሜራ ይከለክለዋል። እኔ ቤት በአዲስ ስልክ ስሞክር ችግሩ ያልታየኝ ለዚህ ነው።

መክፈቻውን ወደ ኦንሪዚዩም (ስክሪኑ ሥራ ሲጀምር ወይም ሲመለስ ወደሚጠራው)፣ መዝጊያውን ወደ ኦንፖዝ አዛወርኩ። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ያዘዙልኝን ቡና ሳልጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። የካሜራ ፈቃድ መጠየቂያውንም አብሬ ኦንሪዚዩም ውስጥ ከትቼው ኖሯል። የፈቃድ መስኮቱ ሲመጣ የኔ ስክሪን ፖዝ ይሆናል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። ጋሼ «ከልክል» ባሉት ቁጥር እንደገና ይጠይቃቸዋል።

«ለማኝ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ካሉት ያልፋል» አሉኝ።

ፈቃዱን ስካን የሚለው ቁልፍ ሲነካ ብቻ እንዲጠይቅ አደረግኩት። ኋላ ላይ ስክሪን ለሁለት ከፍለው ቴሌግራም ጎን ለጎን ሲያዩ ምስሉ ይቆም ጀመር፤ ኦንፖዝ ማለት ከዓይን ጠፋ ማለት አይደለም ለካ። ስለዚህ ወደ ኦንስታርት (ስክሪኑ መታየት ሲጀምር ወደሚጠራው) እና ወደ ኦንስቶፕ ወሰድኩት። አሁንማ ካሜራኤክስ የሚባለውን ዝግጁ የካሜራ ኮድ ነው የምጠቀመው፤ ከስክሪኑ ጋር ካሰሩት ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል።

ጋሼ ቀሪውን ሂሳብ ከመስጠታቸው በፊት መጽሐፍ ስካን አደረጉ፣ ሆም ነኩ፣ ባትሪውን አበሩና ፊቴ ላይ ደቀኑት።