«ኧረ ሀዋሳ አይዘንብም!»

አይዘንብም ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሁሉ እኔው ላይ ጻፉት።

ሦስት ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ሀዋሳ የሰመር የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ አሉ፣ እንምጣ?» ቅዳሜ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ ያለ ጣሪያ። ወሩ ነሐሴ። ፍልሰታ ተፈቶ ሰው ሁሉ ለሥጋና ለጭፈራ የቋመጠበት ሳምንት። ከሦስቱ አንዱ፣ የጋራ ገንዘብ ስለሚይዝ ካሸር የምንለው፣ «ዝናቡስ?» ብሎ ጠየቀ።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሀዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው። ስለ ሀዋሳ ተጠይቄ አላውቅም ማለት አልችልበትም። «አዲስ አበባ መሰለህ እንዴ?» አልኩት። «ሀዋሳ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ደመናው እናንተ ጋ ተራግፎ ካበቃ በኋላ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፣ ያውም ለወግ ያህል።» ይህን ሳይንስ ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም።

እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማለች።

«ምን ፌስቲቫል ነው ያልከው?»

«ሰመር።»

«ሰመር በአማርኛ ምንድን ነው?»

ትንሽ ዝም አልኩ። «ክረምት።»

«እና ክረምትን ሜዳ ላይ ወጥታችሁ ልታከብሩት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ወደ ታቦር ተራራ አየች። ጫፉ በጉም ተሸፍኗል። ምንም አልተናገረችም። ገብታ ጃንጥላዋን አመጣችና ሰጠችኝ። ቤተ ክርስቲያን የምትይዘው ነው። እንደ አደይ አበባ ቢጫ፣ ከሩቅ የሚጮህ። «በደህና እንደወሰድከው በደህና መልሰው» አለችኝ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እኛ ቤት ጣሉና ወጣን።

እንግዳ መጥቶ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሳይወስዱ መዋል ነውር ነው። የዓሣ ሾርባ ጠጣን፣ ከዚያ ቆሮሶ ጥብስ በዳጣ አዘዝን። አሳ አጥማጆቹ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጥሉ አባ ኮዳዎቹ ይቀላውጣሉ። አባ ኮዳን በቅርብ ያላየ ሰው ወፍ ይመስለዋል። ወፍ አይደለም፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ራሰ በራ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ፣ ሁሉንም የታዘበ። አንዱ ቀስ እያለ ተጠጋን። ረጅሙ ጓደኛችን፣ ምሰሶ ነው የምንለው፣ ዓሣውን በእጁ ይዞ ለዶክተር ፎቶ ይነሣላታል። (ዶክተር ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ነው ስሟ የወጣው። የራስ ምታት እንኳ አላከመችንም።) ዳኛው አንገቱን ዘረጋ። አንድ ጊዜ ላፍ አደረገ። ዓሣው የለም።

ምሰሶ ዝም ቢል ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ። ግን ጃንጥላውን ነጠቀኝና ተከተለው። አባ ኮዳው ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ መሸሹ የሱ ተራ ሆነ። በሽሽቱ መሐል የጃንጥላው እጀታ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ቀጭ አለ። የእናቴ ጃንጥላ!

የሄድንበት ባጃጅ ሾፌር አዘነልን። ከወንበሩ ሥር ጥቁር ናስትሮ አወጣ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን፣ እጀታውን ግጥም አድርጎ ጠቀለለው። ፀሐይ ላይ የቆየ ናስትሮ ነው መሰለኝ፣ ሙጫው ቀልጦ ከእጅ ጋር ይጣበቃል። «ከአዲሱ ይበልጣል» አለን። ማታ በጨለማ መልሼ ሌላ ጊዜ እናቴ ሳታይ እቀይረዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሜዳው ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ስንገባ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔም ደረቴን ነፋሁ። «አላልኳችሁም?» በነጭ ስኒከር ነበርኩ። አስተባባሪ ነኝና ዕቅድም አወጣሁ። «ሰው ሲበዛ ኔትወርክ አይሠራም። ከተጠፋፋን ምሰሶ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይያዝ። ቢጫውን አይታችሁ መምጣት ነው።» ካሸር እንኳ «ይኼ አሪፍ ነው» አለ። ካሸር አሪፍ ነው ካለ ነገሩ አሪፍ ነው።

ሰዓት እየሄደ ማይክ ሲፈተሽ ዋለ። ማምሻውን ባንዱ ወጣ፣ ሰው ፈታ አለ። እኔ ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ልክ ሰልፉ ላይ ስደርስ አንዲት ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ቀና አልኩ። ሁለተኛዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ሦስተኛ የሚባል አልነበረም፣ ሰማዩ ባንዴ ተገለበጠ።

ስፒከሮቹን በላስቲክ ለመሸፈን ልጆች መድረኩ ላይ ሲራወጡ ይታየኛል። አልደነገጥኩም፣ ዕቅድ አለኝ። ወደ ሜዳው ዞሬ ቢጫ ጃንጥላ ፈለግኩ።

አንድ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ አየሁ። ከዚያ አሥር። ለካ ስፖንሰሩ ከእኔ ይልቅ እናቴን ሰምቶ ኖሯል፣ ስሙን ያተመበት ጃንጥላ በመኪና አምጥቶ በነፃ እያደለ ነው። ቀለሙ ቢጫ። ባንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሜዳው የመስከረም ጋራ መሰለ።

እንግዲህ ረጅም ሰው ልፈልግ አልኩ። ከመሐል ከፍ ብሎ የተያዘ አንድ ጃንጥላ ታየኝ። ሕዝቡን ሰንጥቄ ደርሼ ከኋላ በሁለት እጄ ጥምጥም አልኩበት። «አንተ ምሰሶ፣ አንጀቴን በጠስከው እኮ!»

ዞረ። ሽበታም ነው። ባለቤታቸው በግራ በኩል ናቸው፣ ሁለቱም ያዩኛል። ይባስ ብሎ አወቅኳቸው። አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር ናቸው።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ጓደኛዬ መስለውኝ ነው። ጓደኞቼን እየፈለግኩ…»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ያኔም ዓይንህ ከራስህ ወረቀት ላይ አያርፍም ነበር» አሉ።

«ተወው እንጂ አንተ፣ ልጁ በስብሷል» አሉ ባለቤታቸው። «ና የኔ ልጅ፣ ተጠለል።» መሐላቸው አስገቡኝ። ዝናቡ ቀለል ሲል ሙዚቃው ቀጠለ፣ ያውም የወላይታ ምት። የወላይታ ምት ሲመጣ ወገብ የሌለውም ሰው ወገብ ያበቅላል። ከቲቸር ጎን ቆሜ መጨፈር አሳፍሮኝ ነበር፣ ግን እሳቸው ቀደሙኝ። ገባሁበት። ክፋቱ፣ ቆመህ ወገብህን ባወዛወዝክ ቁጥር እግርህ ጭቃው ውስጥ እንደ ችካል ይገባል። ዘፈኑ አልቆ ለመሰናበት ቀኝ እግሬን ሳነሣ እግሬ ብቻ ወጣ። ስኒከሩ እዚያው ቀረ። ጎንበስ ብዬ እስከ ክርኔ ብቆፍር የማላውቀው ሰው ነጠላ ጫማ ነው ያገኘሁት።

ስፖንሰሩ ጋ ሄጄ የድርሻዬን ጃንጥላ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ። መውጫው ላይ አንዲት እናት በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ከሰላቸውን ቢጫ ጃንጥላ ከልሎታል፣ ነፋሱ ግን ሊነጥቃቸው ይታገላል። «ልጄ፣ እስኪ ያዝልኝ፣ ላገላብጥልህ» አሉኝ። የራሴን አጥፌ ብብቴ ውስጥ ከተትኩና ያዝኩላቸው። በአንድ እግር ጫማ፣ በሁለት እጅ ጃንጥላ፣ ከሰሉ ጉልበቴን እያሞቀኝ። በቆሎው ጠሽ ጠሽ ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ከቀኑ ሁሉ የጣፈጠኝ ያ ነው። በዋጋም ተከራከርኳቸው፣ አሥር ብር አስቀነስኩ።

ያኔ ስልኬ ነፍስ ዘራ። እናቴ ናት።

«የት ነህ?»

«እማዬ፣ እንግዶቹ ጠፍተውብኝ እየፈለግኳቸው ነው። ከተማውን አያውቁት፣ ምን ሆነው…»

«እራት እየበሉ ነው።»

በባጃጅ ደረስኩ። ሾፌሩ እግሬን አይቶ ዋጋ ላይ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ አላስታውስም። ስገባ ካሸር የኔን ቢጃማ ለብሷል። ዶክተር ጋቢ ተከናንባ ምድጃው አጠገብ ናት። ምሰሶ የዶሮውን ብልት ይዟል፣ አባ ኮዳ በሌለበት። ዝናቡ እንደጀመረ ባጃጅ ይዘው መምጣታቸውን በኩራት ነገሩኝ። «አንተስ ለምን ቆየህ?» አለ ካሸር።

እናቴ በረንዳ ላይ ነበረች። ውሃቸው እየተንጠባጠበ ከግድግዳው የተደገፉትን አራት ቢጫ ጃንጥላዎች አንድ በአንድ እየከፈተች ታያለች። አራቱም ላይ የስፖንሰሩ ስም አለ።

«የኔ ላይ ጽሑፍ አልነበረውም» አለች።

ምሰሶ አጥንቱን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ። «እማማ፣ መውጫው ላይ በቆሎ የሚጠብሱ ሴትዮ ከሰላቸው ሊጠፋባቸው ሲል አሳዘኑኝ፣ ያዝኩት የነበረውን ሰጠኋቸው። መቼም ሁሉም አንድ ነው ብዬ…»

እጄን ወደ ኪሴ ልከት ስል ቀኝ መዳፌ ከሱሪዬ ጋር ተጣበቀ። ገልብጬ አየሁት። ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ጥቁር ሙጫ ነው።

«ምን ነክተህ ነው?» አለች እናቴ።

«በቆሎ» አልኩ።