ለ11 ዓመት የቆመችውን ያማሃ ዲቲ 125 በደብረ ማርቆስ እንዴት እንዳስነሳኋት

ሞተር ሳይክሏን የገዛሁት በ2010 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ሉማሜ ከሚኖሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጡረተኛ ነው። እሳቸውም ከመንግሥት ጨረታ ገዝተው፣ የክትባት ሣጥን ከኋላ አስረው ለዓመታት ገጠር ለገጠር ሲመላለሱባት ከቆዩ በኋላ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ከጭድ ክምር አጠገብ አቁመዋት 11 ዓመት ሳትነቃነቅ ኖራለች። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ያማሃ ዲቲ 125 ናት። መቀመጫዋን አይጥ በልቶታል፣ ሽቦዎቿ ተበጣጥሰዋል፣ የቤንዚን ሰልባትዮዋም ውስጡ ዝጓል፤ ነገር ግን ዋና ዋና ክፍሎቿ አንዳቸውም አልጎደሉም ነበርና ለመግዛት የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቀለምና መቀመጫ የትም ይሠራል፤ የጎደለ ማግኔት (ለካንዴላው መብራት የሚያመነጨው ክፍል) ወይም የዘይት ፖምፓ ግን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

በአይሱዙ ጭኜ ደብረ ማርቆስ ባመጣኋት ዕለት የሠፈር ልጆች ተሰብስበው «ገፍተን እናስነሳት» ሲሉ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ መካኒክ ከበር ላይ ሆነው ከለከሉን። «ልጄ፣ ውስጧን ሳታይ አንድም ጊዜ እንዳትረግጣት» አሉኝ። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲከፈት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ተገኘ። በግድ ተገፍታ ቢሆን ኖሮ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ተሰባብረው ሲሊንደሩን ይቦጫጭሩት ነበር። የካምቢዮ ዘይትና ላምባ እኩል ቀላቅለን ፒስተኑ ላይ አፍስሰን፣ ጠዋትና ማታ በእንጨት በቀስታ መታ መታ እያደረግን ጠበቅን፤ በዘጠነኛው ቀን ተላቀቀ። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት መታገሥ ለእኔ ከባድ ነበር።

ሰልባትዮውን ያጸዳሁት በአቼቶ ነው። አሮጌ ብሎኖችና የቁራጭ ካቴና ጉርድ ጨምሬ ደጋግሜ ካንቀጫቀጭኩት በኋላ በአቼቶ ሞልቼ ሦስት ቀን አሳደርኩት፤ ከዚያም በውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ፣ በፀሐይ አድርቄ ወዲያውኑ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን አለቀለቅኩት። ይህን የመጨረሻ ሥራ ለነገ ማሳደር አይገባም፤ የተራቆተ ብረት በአንድ ሌሊት እንደገና ስለሚዝግ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የዚህች ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህም 123 ሲሲ ይሆናል። የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ስለተቆረጠ አዲስ አበባ ልኬ በግማሽ ሚሊ ሜትር አስፋሁት፣ ልኩን የጠበቀ ፒስተንና ፋሻም ገዛሁ። በዚሁ አጋጣሚ በክራንክ ዘንጉ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሏቸውን ጎማዎች ለመለወጥ ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የማግኔቱን በኩል ብቻ ስለሆነ በቀኝ፣ በካምቢዮ በኩል ያለውን አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። በአራት ምት ሞተር ላይ የለመደ ሰው እነዚህን ጎማዎች ይንቃቸዋል። እንደ ዲቲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን አየርና ቤንዚን መጀመሪያ የሚገባው ክራንኩ ወዳለበት ክፍል ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመት ቆሞ የደረቀ ጎማ ከማግኔቱ በኩል ያልተመጠነ አየር ያስገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። በካምቢዮ በኩል ያለው ሲደርቅ ደግሞ የማርሹን ዘይት ስቦ ያጨሳል። የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና በአሸዋ ወረቀት ጠርጌ ክፍተቱን በ0.35 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩ፣ አዲስ ካንዴላም ገጠምኩ፤ በሦስተኛው ርግጫ ተነሣች። ያን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ዋናውን ስሕተት የፈጸምኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዲቲ ዘይትን በቤንዚን ውስጥ ቀላቅሎ መሙላት አያስፈልጋትም፤ ያማሃ በ1964 እ.ኤ.አ. አውቶሉብ ብሎ ባወጣው ስልት መሠረት የራሷ የዘይት ማጠራቀሚያና በሞተሩ የሚዞር ትንሽ ፖምፓ አላት፤ ፖምፓው የጋዝ እጀታው በተከፈተ መጠን ዘይቱን ይመጥናል። እኔም ማጠራቀሚያውን ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ሞላሁና በቂ መሰለኝ። ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው የጮቄ አቀበት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ የሞተሩ ድምፅ ደነዘ፣ ጉልበቷ ወረደ፣ ከዚያም የኋላ ጎማዋ በድንገት ተያዘ። ፍሪሲዮኑን ባልጨብጥ ኖሮ ወድቄ ነበር። ሲከፈት አዲሱ ፒስተን በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ተፍቆ አገኘነው። ጋሼ የዘይቱን ቀጭን ቱቦ ወደ ብርሃን አዙረው በውስጡ የተሰለፉትን የአየር አረፋዎች አሳዩኝና፣ «ዘይቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ መኖሩ ምን ይፈይዳል? ፒስተኑ ጋ ካልደረሰ የለም ማለት ነው» አሉኝ።

ቱቦው አንድ ጊዜ ከደረቀ ወይም ከተነቀለ በፖምፓው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈትቶ፣ አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ብሎኗን አጥብቆ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የፖምፓውን ሽቦ በእጅ እስከ መጨረሻው በመሳብ በሁለተኛው ቱቦ ውስጥ የቀረውን አየር መግፋት ይገባል። ለመጀመሪያው ሰልባትዮ ደግሞ ለጥንቃቄ በቤንዚኑም ውስጥ ዘይት ይጨመራል፤ ይጨሳል፣ ነገር ግን ያድናል። ፒስተኑን በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አለስልሰን ፋሻውን ለወጥን፤ ሲሊንደሩ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳም ነበር። ዘይት ስገዛ አንድ ሱቅ «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብሎ የመኪና ሞተር ዘይት ሊሰጠኝ እንደነበረም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ያ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ እንዲቃጠል የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ከፍታን ይመለከታል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ቤንዚኑን ለዝቅተኛ ቦታ መጥኖ ሲሰጥ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው እንደ ምጣድ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩም በአቀበት ላይ ይታፈናል። ቤንዚን የምትመጥነውን ጂግለር በአንድ ደረጃ ከዚያም በሁለት ደረጃ አሳነስኩ፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ረጅም ጋዝ ሰጥቼ ከነዳሁ በኋላ ፍሪሲዮን ጨብጬ ሞተሩን በማጥፋት ካንዴላውን ፈትቼ ተመለከትኩ። የገብስ ቆሎ መልክ ሲይዝ ልኩ መሆኑን አወቅሁ። እንደ አመድ ቢነጣ ግን ቤንዚኑ ሳስቷል፣ ፒስተኑም አደጋ ላይ ነው።

በዚህ መልክ ለማርቆስ ያስተካከልኳትን ሞተር ይዤ ዓባይ በረሃ የወረድኩ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ እየከበደ በሄደ ቁጥር ለደጋ የሳሳው ቤንዚን ይብስ ይሳሳል፣ ከዚያም በበረሃው ሙቀት የጎሐ ጽዮንን አቀበት መውጣት ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጂግለር በወረቀት ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር እይዛለሁ፤ አቀበቱን ከመጀመሬ በፊት ሞተሩ እስኪበርድ አርፌ እለውጠዋለሁ። በቁልቁለቱም ላይ ጋዙን ዘግቼ በማርሽ ብቻ ለረጅም ጊዜ አልወርድም፣ ምክንያቱም ጋዙ ሲዘጋ ፖምፓው የሚልከው ዘይት እጅግ ይቀንሳል፤ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ጨብጬ ትንሽ ጋዝ እሰጣለሁ።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤው ቀላል ነው። በበጋ አቧራ የስፖንጅ ፊልትሮውን በየሁለት ሳምንቱ በላምባ ከዚያም በሳሙና አጥቤ፣ ሳልጠመዝዝ ጨምቄ፣ በዘይት አረጥበዋለሁ። በክረምት የቢቸናና የደጀን ዋልካ ጭቃ በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ተጠቅጥቆ ስለሚደርቅ በዚያው ቀን በእጅ አጥባለሁ፤ ኃይለኛ የውኃ ፖምፓ ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ውኃ ስለሚያስገባ አልጠቀምበትም። ካቴናዋ ባለ 428 ቁጥር ስለሆነ በገበያ ላይ ሞልቷል።

በዚህ ክረምት ጠዋት ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭስ ማብዛት ጀምራለች፣ የማርሹ ዘይትም በወር ውስጥ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ምክንያቱ በመጀመሪያው ጥገና ሳልለውጠው የቀረው የቀኙ ኦይል ሲል ነው። አዲሱ ከአዲስ አበባ ተልኮልኝ እጄ ገብቷል፤ ከመስቀል በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከጋሼ ጋር እንከፍታታለን።