ፖርቱን ሳይነኩ መጠበቅ

የኔትወርክ ሙከራዎቻችን በየሰው ኮምፒውተር ላይ ያልፋሉ፤ ሌሊት፣ ብዙ ሥራ በሚጫንበት የጋራ ማሽን ላይ ግን አልፎ አልፎ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» እያሉ ይወድቁ ነበር። የሙከራው ስክሪፕት ግንኙነት የሚቀበለውን ፕሮግራም (ሰርቨሩን) ከበስተጀርባ ያስነሳል፣ አንድ ሰከንድ ይተኛል፣ ከዚያ ግንኙነቱን የሚጀምረውን (ክላየንቱን) ይልካል። ሙከራ በወደቀ ቁጥር አንዱ ይመጣና አንድ ሰከንድ ይጨምርበታል። ይህ ልማድ ያናድደኝ ነበር። ለፈጣኑ ማሽን ብክነት ነው፣ ለተጨናነቀው ደግሞ ምንም ቢጨመር ዋስትና የለውም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን እንቅልፉን አውጥቶ፣ ፖርቱ (ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት ባለ ቁጥር በር) እስኪከፈት ድረስ፣ ግንኙነት በሚከፍትና በሚቀበል ኔትካት በሚባል ትንሽ መሣሪያ ደጋግሞ የሚያንኳኳ ዑደት ተካበት። የሌሊቱ ውድቀት ቆመ። በምትኩ፣ ወድቆ የማያውቅ አንድ ሙከራ ሁልጊዜ ይወድቅ ጀመር፤ የተላከው መረጃ የሚጻፍበት ፋይል ዜሮ ባይት ነው። በኔትወርኩ የሚያልፈውን በሚያሳየው ቲሲፒዳምፕ ስንመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነ። መጀመሪያ አንድ ግንኙነት ተመሥርቶ አንድም ባይት ሳያልፍበት ተዘጋ፤ ቀጥሎ የመጣው እውነተኛው ክላየንት ግን ወዲያው ተከልክሎ ተመለሰ። የዚህ ሙከራ ሰርቨር ራሱ ኔትካት ነበር። እሱ ደግሞ ካልታዘዘ በስተቀር አንድ እንግዳ ብቻ ተቀብሎ ሥራውን ይጨርሳል። እንግዳው የራሳችን አንኳኪ ሆኖ ተገኘ! ብዙ ግንኙነት የሚቀበል ሰርቨር ቢሆንም እንኳ ባዶው ጉብኝት መዝገቡ ውስጥ ይገባና የግንኙነት ብዛት የሚቆጥር ሙከራን ያሳስታል።

ስለዚህ ሰርቨሩን ትተን ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ መጠየቅ ጀመርን። በሊኑክስ ላይ «ኤስኤስ» የሚባለው ትእዛዝ የትኞቹ ፖርቶች በማዳመጥ ላይ (መጪ ግንኙነት በመጠበቅ ላይ) እንዳሉ አንድ ፓኬት እንኳ ሳይልክ ይናገራል። ፖርቱ ማዳመጥ ከጀመረ፣ ፕሮግራሙ ገና ግንኙነት ለመቀበል ባይደርስ እንኳ ከርነሉ መጪውን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዘዋል። ክላየንቱን ለመልቀቅ ይህ ይበቃል። ስክሪፕቱ በየ100 ሚሊሰከንዱ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩንም አብሮ ያያል፣ አለበለዚያ የሞተ ፕሮግራም ሲጠብቅ ይውላል። የጊዜ ገደቡ ካለፈ የሰርቨሩን መዝገብ አትሞ ይወጣል። በእኔ ግምት ከሁሉም የጠቀመን ይህ የመጨረሻው ነው።

በመንገዳችን ሁለት እንቅፋቶች ገጥመውናል። ውጤቱን በጽሑፍ ፍለጋ ስናጣራ 80ን የሚጠብቀው ሙከራ 8080ን አይቶ «ተከፍቷል» አለ፤ ኤስኤስ በትክክለኛው የፖርት ቁጥር የሚያጣራበት የራሱ መንገድ ስላለው ወደዚያ ዞርን። ሰርቨሩ በተለየ የኔትወርክ ስያሜ ክልል (ከርነሉ ከሌላው ነጥሎ የራሱን ኔትወርክ በሚሰጠው ክፍል) ውስጥ ሲሠራ ደግሞ ጥያቄውም እዚያው ውስጥ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ ከውጭ ሲጠየቅ ፖርቱ ጭራሽ አይታይም።

የዩዲፒ (ግንኙነት ሳይመሠርት መረጃ የሚልክ ፕሮቶኮል) ሙከራዎቹ ለብቻ ተለይተው ተጻፉ፤ ዩዲፒ የማዳመጥ ሁኔታ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ሶኬቱ (የፕሮግራሙ የኔትወርክ መገናኛ) ከፖርቱ ጋር መታሰሩን ብቻ አይተን እንቀጥላለን።