ኢሞ ከኮምቦልቻ፣ ፋክስ ከጀርመን

ከኮምቦልቻ አብሮ አደጎቼ ጋር በቴሌግራም የከፈትነው ግሩፕ አለን። ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ፣ ደሴ እየተመላለሰ ጀርመንኛ የሚማርና ቪዛ የሚጠብቅ ልጅ፣ «እናንተ ጋ ጀርመን እንግዲህ ሁሉ ነገር በስልክ ያልቃል፤ ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት የለም አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጥ ሌላው ቀደመና «እሱን ምን ትጠይቀዋለህ፣ አረንጓዴዋ ቀኑን ሙሉ በርታ እናያታለን፤ ለእኛ ብቻ ነው ጊዜ የሌለው» አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ አሳቀኝ፣ የሁለተኛው ነገር ግን ከነከነኝ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ልመልስ ስል ጽሑፉ ከግሩፑ ልክ አለፈና እዚህ ደረሰ።

አረንጓዴዋን፣ ኦንላይን መሆኔን የምታሳየውን ነጥብ፣ በአጭሩ ልጨርሳት። የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልኬ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል። አንዳንዱ መተግበሪያ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እስከተገናኘ ድረስ ባለቤቱ በሌለበት «አለ» ብሎ ይመሰክራል። አገር ቤት ደግሞ ያቺ ነጥብ ከሰው ምስክርነት በላይ ትታመናለች። «ኦንላይን ሆነህ ዘጋኸኝ» ተባብለው የተኳረፉ ወንድምና እህት አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎች ያስታረቋቸውም እዚያው የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ፣ በድምፅ መልእክት ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ኢሞን ግን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፤ ፎቶዬን ትነካለች፣ ስልኩ ይጠራል፣ አለቀ። እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ከስኒዎቹ ጋር ታስደግፈዋለች፤ እኔም ግማሽ ግንባሯን፣ የማዳበሪያ ኮርኒሱንና የዕጣኑን ጭስ እያየሁ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ሲገባ «ከልጄ ጋር ነኝ» ትላለች። ጎረቤቷም ጎንበስ ብላ ዓይኗን ካሜራው ላይ ትለጥፍና «አብሽር የኔ ልጅ፣ ምነው ከሳህ?» ትለኛለች። አቦሉ ሲቀዳ «ጀባ» ይሉኛል፤ እኔም ከዚህ ሆኜ ዱአውን ተቀብዬ «አሚን» እላለሁ። በዚህ ሁሉ መካከል ሊደወልልኝ ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በእኛ ዘንድ የናፈቀ ይደውላል፤ ያልተነሳለትም እስኪነሳለት ድረስ ይደውላል።

እንዲህ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ እንግዲህ ጀርመን የገባሁት። ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የምትሠራ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ጀርመናዊት ነበረች። ሽማግሌ ሰው ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ፣ ለማን ቡናው ያለ ወተት እንደሚሰጥ ያሳየችኝ እሷ ናት። አንድ ሰሞን ታማ ቀረች። የታመመ ባልደረባን ሳይጠይቁ መቅረት ምን እንደሚያስብል ለእናንተ አልነግራችሁም። ከሥራ እንደወጣሁ ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ቆይቼ ደገምኩ፤ አላነሳችም። ብሶባት ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁና በተሰባበረ ጀርመንኛ ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፤ እንዴት እንዳደረች፣ ምን እንደቀመሰች፣ የሚያስታምማት ሰው እንዳለ ጠየቅሁ፣ ይማርሽ አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሥራውን ለቀኑ በሚያስረክብበት ስብሰባ ላይ፣ ኃላፊያችን በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞራ ተናገረች። በሕመም ፈቃድ ላይ ላለ ሰው አይደወልም፤ ባልደረባችን ከመሥሪያ ቤቱ የተላክህና በእርግጥ መታመሟን የምታጣራ መስሏት ደንግጣለች፤ የሚባል ነገር ካለ ይጻፋል አለችኝ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም፤ መመሪያ እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገረችው፣ እሱም ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ወደ ቡና ኩባያቸው አቀረቀሩ። ሕመምተኛ ልጠይቅ ደውዬ ሰላይ ሆኜ አደርኩ። የዚያን ቀን የአረጋውያኑን ቁርስ ሳከፋፍል ቀና ብዬ የማንንም ፊት አላየሁም።

ጥፋት ሠራሁ ብዬ ግን ዛሬም አላምንም። ማታ ለእናቴ ስነግራት የሰማችው ነገር ከእኔ የተለየ ነበር፤ «ወይኔ ልጄ፣ ጠያቂ የላትም ማለት ነው? ታዲያ ሾርባ ይዘህ ደጇ ድረስ አትሄድም?» አለችና ለማታውቃት ሴት ዱአ አደረገችላት። ይህንንስ ለኃላፊዬ አልነገርኳትም።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ እዚህ ያልተጠበቀ የስልክ ጥሪ የሰውን በር ከፍቶ እንደ መግባት ይቆጠራል፤ በተለይ ወጣቶቹ ስልካቸው ድንገት ሲጠራ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል። ጓደኛሞች እንኳ «ከ18፡00 በኋላ ብደውል ይመችሃል?» ብለው አስቀድመው ይጻጻፋሉ። ዋትስአፕ በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ አለ፤ የሚያገለግለው ግን ላለመደወል ነው።

ወደ መንግሥትና ወደ ቢሮ ሲኬድ ደግሞ ዋትስአፑም ይቀራል። የሕክምና ማስረጃዬ ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ እንዲዛወርልኝ ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ በኢሜይል አይሆንም፣ የግል መረጃ ነው፣ በፋክስ ግን ይቻላል አለችኝ። ፋክስ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ፣ አቧራ ለብሶ የወረቀት መደገፊያ ሆኖ ነው። የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሷ ፈገግ አላለችም። ቢትኮም የተባለው የዲጂታል ዘርፍ ኩባንያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከአሥር የጀርመን ኩባንያዎች ስምንቱ ያህል ያን ጊዜም ፋክስ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሕግ 575 የመንግሥት አገልግሎቶች እስከ 2022 ማብቂያ ኢንተርኔት ላይ እንዲገኙ አዝዞ ነበር፤ ቀነ ገደቡ ሲደርስ በመላ አገሪቱ ዝግጁ የነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አንጌላ ሜርክል እ.ኤ.አ. በ2013 ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር በሰጡት መግለጫ ኢንተርኔት ለሁላችንም አዲስ ምድር ነው ማለታቸው እስከ ዛሬ ለራሳቸው ለጀርመኖቹ ቀልድ ነው። የጀርመን ፖስታ ድርጅት በፖስተኛ እጅ የሚያደርሰውን የቀድሞውን ቴሌግራም ያቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 ነው፤ ይህም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ላይ የመብራት ሂሳብ በቴሌብር ትከፍላለች፣ የባጃጅ ሹፌሩም በዚያው ይቀበላታል። እኔ ሠፈር ያለው ዳቦ ቤት ደግሞ በሩ ላይ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። እውነቱን ለመናገር ይህን በግሩፑ ላይ ስጽፍ ትንሽ ኩራት ነበረብኝ።

ይሁንና በወረቀቱ ስቀን ብቻ አናልፍም፤ ጥርስ አለው። በእያንዳንዱ ሕንፃ መግቢያ ላይ የብረት ፖስታ ሣጥኖች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ሣጥን ቁልፍና የነዋሪው ስም የሚገባበት ጠባብ መስኮት አለው። ስምህ ሣጥኑ ላይ ከሌለ ፖስተኛው በሩን አንኳኩቶ የእገሌ ልጅ የታለ ብሎ አይፈልግህም፤ ደብዳቤውን ወደ ላኪው ይመልሰዋል። በመደበኛ ፖስታ የተላከ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለፖስታ ቤት ከተሰጠ በኋላ በአራተኛው ቀን እንደደረሰህ ይቆጠራል፤ ለመቃወም የሚሰጥህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ሲሆን የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ከፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በይፋ የሚላከው ቢጫው ፖስታ ነው። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፎበት ሣጥኑ ውስጥ ይጥለዋል፤ «አልደረሰኝም» የሚል ነገር ከዚያ በኋላ አይሠራም። አንዳንድ አበሻ ሣጥኑን መክፈት እየፈራ ያጠራቅመዋል፤ ቴሌግራሙን ግን በየደቂቃው ይከፍታል።

እኛ ድምፅ ወዳዶች የሆንነው ስልክ ስለመጣ አይደለም። አክስቴ ጅዳ በነበረችበት ዘመን ከመንገደኛ ጋር ካሴት ትልክ ነበር። ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይቀመጣል፤ እሷም የእያንዳንዳችንን ስም በየተራ እየጠራች፣ እያለቀሰች ሰላም ትላለች፤ መልሳችን በካሴቱ ሌላ ገጽ ይቀዳና የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2013 የድምፅ መልእክት ሲያመጣ ለእኛ ያጠረልን መንገዱ ብቻ ነው፣ ነገሩን እናውቀዋለን። የመጻፉ ጉዳይም የራሱ ታሪክ አለው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ወደ ተራው ሰው ስልክ እስኪወርድ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፣ እስከዚያው የእኔ ትውልድ አማርኛውን በላቲን ፊደል እያንሻፈፈ ኖረ። እንደ እናቴ ላለ ሰው ደግሞ የድምፅ መልእክት ማለት ደብዳቤ አንባቢ ጎረቤት ሳይለምኑ ምሥጢርን መናገር ነው።

ሆኖም ራሳችንንም ልማን። አምስት ደቂቃ ከሚረዝም የድምፅ መልእክታችን ውስጥ አራቱ ሰላምታ ነው፤ ዋናው ጉዳይ፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ በሹክሹክታ ይመጣል። ከፈረቃ ወጥቶ ባቡር ውስጥ የቆመ ሰው፣ ያውም የጀርመን ባቡር መስመር ላይ ኔትወርክ በየጫካው እንደሚጠፋ አስቡልኝ፣ ያን ሁሉ ሰምቶ እዚያች ሹክሹክታ ላይ ሲደርስ ይቆረጥበታል። ዓርብ ዓርብ ክርስቲያኖቹ ጓደኞቼ ሳይቀሩ «ጁምዓ ሙባረክ» የሚል ጽጌረዳ ይልኩልኛል፤ እሑድ እኔ በተራዬ እመልሳለሁ። ይህን የወሎ ነገር በምንም አልለውጠውም። «ለአሥር ሰው ካልላክህ» የሚለውን ማስፈራሪያ ግን እባካችሁ ተዉልኝ።

መስመሩ ሲቆረጥ ምን እንደሚመስልም አይተናል። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ስልኩም ዳታውም ጸጥ አለ፤ ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን በመንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላም የእናቴን ድምፅ እስክሰማ ድረስ በወሬ ብቻ ኖርኩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። ተራው ስልክ ሲገኝ በውድ እደውል ነበር፤ ደቂቃው በገንዘብ እንደሚቆጠር የሰማችው እናቴም «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁን፣ ዝጋው» ማለት ለመደች። ያን ሰሞን አንድ ጀርመናዊ ባልደረባዬ ከልቡ አዝኖ «ለምን ኢሜይል አትልክላቸውም?» ብሎኛል። የሚገርም ጥያቄ በእኛ ግሩፕ ብቻ የሚጠየቅ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቪዛ ጠባቂዎቹ። በቲክቶክ ላይቭ ላይ መኪና ተደግፎ የሚያወራውን ልጅ አትመኑት፤ መኪናው የእሱ ይሁን የአከራዩ አታውቁም። በቴሌግራም «የሙያ ሥልጠና ውል እናስገኛለን፣ የኤምባሲ ቀጠሮ አለን» እያሉ ገንዘብ ቀድማችሁ ላኩ የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። በጀርመን የሙያ ሥልጠና ላይ ያለ ነርስ በየወሩ ደመወዝ የሚከፈለው እሱ ነው፤ ለመቀጠር ብሎ ለደላላ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ስላለው፣ ጀርመን ገብቶ ሥራ ለመፈለግ ስለሚያስችለው የዕድል ካርድም ቢሆን መስፈርቱ «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» በተባለው የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተጽፏል፤ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

ከመናገር እኩል መጻፍ ተማሩ። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ስለ ዕረፍት ጉዞ ያናግራችኋል፤ እዚህ የሚያስፈልጋችሁ ግን «የላካችሁትን ውሳኔ እቃወማለሁ» ብሎ ጽፎ መፈረም ነው። በመጦሪያ ቤት ወይም በሆስፒታል የምትገቡ ደግሞ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆማችሁ ላይቭ እንዳትገቡ፤ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትን የሚከለክለው የጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሥራችሁንም በአንድ ቀን ታጡበታላችሁ። የታመመ ባልደረባ ካላችሁ «ቶሎ ይማርሽ» ብላችሁ ጻፉና ተዉት፤ ሆድ ይብሳል፣ ግን ተዉት። እናቶቻችሁንም አስቀድማችሁ ስለ አረንጓዴዋ አስረዷቸው፤ የእኔዋ እስካሁን አልተቀበለችኝም።

ቤት ያገኛችሁ ዕለት ደግሞ ከፍራሹ በፊት የፖስታ ሣጥኑን ተመልከቱ። የራሳችሁንና የአባታችሁን ስም በፓስፖርታችሁ ላይ በተጻፈበት አጻጻፍ መስኮቱ ውስጥ አስገቡ፤ አብሮ የሚኖር ጓደኛ ካለም የእሱን ከሥር ጨምሩ። አከራዩ ስም መለጠፍ አይቻልም ካላችሁ ስልክ ደውላችሁ አትጨቃጨቁት፤ በደብዳቤ ጠይቁት፣ ቅጂውንም አስቀሩ።