ከወገብ ኦፐሬሽን በኋላ ድካሙ ሲጥለኝ ጌታ ሰማኝ

ጌታ ስሙ ይባረክ ወገኖቼ! ይሄን ምስክርነት ካሰብኩት ቆየሁ፣ ሰው ስለ ህመሙ ይመሰክራል ስለ ፈውሱ ይመሰክራል፣ ስለ ድካም ግን ሲመሰከር ብዙም አልሰማሁም፣ እኔን ደሞ ከህመሙ በላይ ያንበረከከኝ ድካሙ ነው።

ታችኛው ወገቤ ላይ በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መሀል ያለው ዲስክ አልቆ ነርቩን ተጭኖት ስለነበር ሁለቱን አጥንቶች በታይታኒየም ብሎን አስረው አንድ ላይ እንዲገጥሙ የሚያደርግ ኦፐሬሽን ተሰራልኝ። ብዙ ሰው ጸለየልኝ፣ በሰላም ወጣሁ፣ እግሬን እስከ ታች ያቃጥለኝ የነበረው ህመም ከማደንዘዣው ስነቃ ጀምሮ የለም። ለዚህ ብቻ እድሜ ልኬን ባመሰግነው ያንሰዋል።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ። ድካም ስላችሁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም እንዳይመስላችሁ። ጸጉሬን ላበጥር እጄን አንስቼ ግማሹ ሳይደርስ ማበጠሪያውን አስቀምጬ አርፋለሁ። ገላዬን ከታጠብኩ በቃ ያ ቀን አለቀ ማለት ነው፣ ፎጣ እንደተጠቀለልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ የምለብስበት አቅም እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ጭራሽ ያልተኛሁ ነው የሚመስለኝ። ከአልጋ መነሳቱ ራሱ አንድ ስራ ነው፣ ወገብ እንዳይጠመዘዝ ትከሻና ዳሌን እኩል አዙሮ በጎን መሆን፣ ከዛ እግርን ወደ ታች እየለቀቁ በክንድ ገፍቶ መነሳት፣ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሰዎች በፍቅር ነው የሚመጡት፣ ግን "ህመሙ ጠፍቶልሽ የለ እንዴ፣ በእምነት ተነሺ እንጂ" ሲሉኝ እነሱ ከወጡ በኋላ አለቅሳለሁ፣ እምነቴ ነው ወይ የጎደለው እላለሁ።

ጸሎት ራሱ አቃተኝ። የህመም ማስታገሻውና የነርቩ መድሃኒት ጭንቅላቴን ያደነዝዙታል፣ ቃሉን ከፍቼ ሳነብ ፊደሉ ያልፋል እንጂ ውስጤ አይገባም። አንድ ሌሊት ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ "ጌታ ሆይ ወይ አቅም ስጠኝ ወይ ለምን እንዲህ እንደደከምኩ አሳየኝ" አልኩት። ከዚህ በላይ ቃል አልነበረኝም። እሱ ግን ሰምቶኛል።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የጸሎት እህቴ መጣችና ምንም ሳታወራ አጠገቤ ቁጭ ብላ 1ኛ ነገሥት 19ን አነበበችልኝ። ኤልያስ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ዛፍ ስር ተኝቷል፣ መልአኩ መጣ፣ እና ምን አለው? አልገሰጸውም እኮ! ለምን ተኛህ አላለውም፣ እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ዳሰሰውና ተነስተህ ብላ አለው፣ በላ ጠጣ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩም ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አበላው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ቀን ከላዬ የወረደልኝ ሸክም የኦፐሬሽኑን ያህል ነው የምቆጥረው፣ መተኛቴ ኃጢአት እንዳልሆነ ገብቶኝ ተኛሁ፣ አምላኬ እያየኝ ነው የምተኛው ብዬ።

ሁለተኛው መልስ ቀጠሮዬ ላይ ጠበቀኝ። ሐኪሙ ቁስሉንም ራጁንም አይቶ ጥሩ ነው አለ፣ ልወጣ ስል ነርሷ ፊቴን አየችና የታችኛውን የአይኔን ቆብ ገለጥ አድርጋ "ዶክተር ደሟ ይታይ" አለች። ማን እንዳናገራት እኔ አውቃለሁ። ሄሞግሎቢኔ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ማለት ነው) ከ10 በታች ሆኖ ተገኘ፣ ለሴት ደሞ ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው የሚባለው። ኦፐሬሽኑ ላይ የፈሰሰው ደም ገና አልተተካም ነበር። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ ሰውነት ቁስሉን ሲጠግንና አጥንት ሲሰራ ጉልበት ይበላል፣ መድሃኒቶቹ ያስተኛሉ፣ ህመምና መገላበጥ እንቅልፉን ይቆራርጡታል፣ የተኛ ጡንቻ ቶሎ ይሰንፋል፣ ምግብ ካልተበላ ደሞ ሰውነት የሚጠግንበት ፕሮቲን ያጣል። ይሄ ሁሉ ተደራርቦ ነው ለካ! አይረን ኪኒን ጀመረልኝ፣ የሚያስተኛውን መድሃኒት እሱ ራሱ እያየ ቀስ በቀስ ቀነሰልኝ (በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙ፣ አንዳንዱ ድንገት ሲቆም ይጎዳል)።

ከዛ የእግር መንገዱ መጣ። ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችኝን አልረሳውም፣ "ሲደክምሽ ሳይሆን ሳይደክምሽ ተመለሺ" አለችኝ። ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ አንዴ ረጅም ከመሄድ በቀን ብዙ ጊዜ አጭር አጭር። ጥሩ ቀን ሲመጣ ሁሉንም ስራ ልጨርስ ያስብላል፣ እሱ ነው የሚጥለው፣ በማግስቱ አልጋ ላይ ያስቀራል። እየሄድኩ እጸልያለሁ፣ ረጅም ጸሎት አይደለም፣ እርምጃዬ ጋር እኩል "አንተ ኃይሌ ነህ" ብቻ።

አቅሜ በአንድ ቀን አልተመለሰም፣ በአንድ ቀን የሆነ ነው ብዬ ብመሰክር እዋሻለሁ። ግን አንድ ቀን ገላዬን ታጥቤ ለብሼ ጸጉሬን አበጥሬ ጠረጴዛ ጋ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው መሀል ላይ አንዴም እንዳላረፍኩ ያስተዋልኩት። እዛው እጄን ዘርግቼ አለቀስኩ። ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስሄድ ደሞ አምልኮው እስኪያልቅ ቆሜ ዘመርኩ፣ ሃሌሉያ! ክብሩ ለእሱ ብቻ ይሁን!

አሁን እዚህ ድካም ውስጥ ላላችሁ፣ ድካማችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩት፣ ደሜ ይታይልኝ በሉ፣ ማመስገን አለብኝ ብላችሁ አትደብቁት። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ እግር አዲስ ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ጭን መሀል ከደነዘዘ፣ ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን እሱ ድካም አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ መንገድ ላይ እየጸለያችሁ ሂዱ።

እኔ ገና ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ አሁንም ጋደም እላለሁ። አጥንቱ በደንብ እስኪገጥም ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም እስከ አመት ይሄዳል ብለውኛል፣ የሚቀጥለው ራጅ ላይ ገጥሞ እንዲገኝ በጸሎት አስቡኝ፣ እኔም የደከማችሁትን እያሰብኩ እጸልያለሁ።